የጓያ ሽባነት

የጓያ ሽባነት፣ በሕክምና ስሙ ኒውሮላቲሪዝም፣ ጓያን ለረጅም ጊዜ አብዝቶ ከመመገብ የሚመጣ የነርቭ በሽታ ነው። የነርቭ ሕዋሳትን በመጉዳት ሁለቱን እግሮች ያሽመደምዳል፤ አንዴ ከያዘም አይድንም። የነርቭ ሕዋሳትን ከሚያመነምኑት ከብዙዎቹ በሽታዎች በሁለት ነገር ይለያል፦ እርጅናን አይጠብቅም፤ መንስኤውም ስለሚታወቅ አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

መንስኤ

በጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር አለ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ሕንድ ውስጥ ለይተው አውጥተውታል። ኦዳፕ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት ከሚለዋወጡበት ከግሉታሜት ጋር ስለሚመሳሰል ሕዋሳቱን ከመጠን በላይ ያነቃቃቸዋል፤ በዚህም ይጎዳሉ። በይበልጥ የሚጠቁት ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር ወርደው የእግርን እንቅስቃሴ የሚያዙት ናቸው።

ጓያ ከሌላ እህል ጋር በመጠኑ ሲበላ ሽባ ማድረጉ ብርቅ ነው። አደጋው የሚመጣው ለጥቂት ወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው።

ምልክቶች

ሕመሙ ብዙ ጊዜ በድንገት ይጀምራል። እግር ይከብዳል፤ ባት ይኮማተራል፤ ጉልበት ይከዳል። ቀለል ያለበት ሰው በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ይራመዳል፤ የባሰበት በምርኩዝ ይሄዳል፤ እጅግ የጠናበት ይድሃል። አእምሮና ንግግር በአብዛኛው አይነኩም፤ ዕድሜም አያጥርም። ይበልጥ የሚጠቁት ለእርሻ ሥራ የደረሱ ወጣት ወንዶች በመሆናቸው አንድ ሰው ሲታመም ቤተሰቡ ጉልበቱን ያጣል።

በኢትዮጵያ

ጓያ በዋልካ መሬት ላይ በጥቂት ድካም ይበቅላል፤ ድርቅንም ሆነ የተኛ ውኃን ይቋቋማል። ዝናብ ሲታጣ ሌላው ሰብል ሲከስም ጓያ ስለሚተርፍ ድሃው ገበሬ ሕይወቱን የሚያቆየው በእርሱ ነው። በሽታውም የሚስፋፋው ይኸኔ ነው።

የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ በኋላ ደግሞ በዚያን ጊዜ የሰሜን ወሎ ወረዳ በነበረው በደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ተነሥቶ ከ2,000 በላይ ሰዎች ለዘለቄታው አካል ጉዳተኛ ሆኑ። ከዚያ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው በቆቦና በዋጃ የራያ ቆላ ዋናው እህል ማሽላ ነው፤ ጓያ በብዛት የሚዘራው በደጋውና በወይና ደጋው ነው።

መከላከል

ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው የወረርሽኙን ተጠቂዎች አመጋገብ አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 በላንሴት መጽሔት አውጥተዋል። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎ ወይም በእሸት መልክ መመገብ አደጋውን ሲጨምር፣ በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ ሲበላ ግን ይህ አልታየም። እህል መቀላቀልም አደጋውን ይቀንሳል። ስለዚህ በድርቅ ጊዜ የእርዳታ እህል በጊዜው መድረሱ ከረሃብ ብቻ ሳይሆን ከሽባነትም ያድናል።

ኦዳፕ በውኃ ስለሚሟሟ ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። በ2006 እ.ኤ.አ. ኦዳፕ ያነሰው ዋሴ የተባለ የጓያ ዝርያ በኢትዮጵያ ለገበሬዎች ተለቅቋል።