ጦስኝን ከጋራው ወደ ጓሮው

በዳዊት መዝሙርና በዮሐንስ ወንጌል የሚነሣው ሂሶጵ ምን ተክል እንደሆነ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል። ብዙዎቹ አውሮፓውያን ዛሬ በዚህ ስም የሚያለሙት ሳይሆን የሶርያና የፍልስጥኤም ኮረብታ የሚያበቅለው የኦሬጋኖ ዘመድ ነው ይላሉ። የስሜን ሰው ከዚያው ወገን የራሱ ተክል አለው፤ ጦስኝ። ሽሮና በርበሬ ያጣፍጣል፣ ሻይ ይፈላበታል፣ ሳልና ጉንፋን ሲይዝ ይጠጣል። አውሮፓዊው ሂሶጵ ግን በመካከለኛው ዘመን በገዳማት ግቢ እየተተከለ የጓሮ ተክል ሲሆን፣ የእኛ ጦስኝ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ከጋራ ይለቀማል። የደባርቅና የዳባት ገበሬ ጦስኝን በጓሮው ሊያለማው ይገባል።

ተክሉ በሳይንስ ታይመስ ሽምፐሪ ይባላል። ስያሜው ጀርመናዊውን ቪልሄልም ሽምፐርን ያስታውሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ በ1878 ዐድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ የትግራይንና የስሜንን ዕፅዋት እያደረቀ ወደ አውሮፓ ሲልክ የኖረ ሰው ነው። የሁለቱ አገር ገዥ ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እንዲያስተዳድር ሰጡት። ውቤ በ1855 ደረስጌ ላይ ተሸንፈው ድል አድራጊው ካሳ እዚያው ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የሽምፐር ዕድልም ተገለበጠ፤ በኋላም መቅደላ ከታሰሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ። የሰበሰባቸው ቅጠሎች ዛሬም በአውሮፓ የዕፅዋት ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። ይህን ያህል የታወቀ ተክል በተወለደበት አገር ግን መደብ ሳይሠራለት ዘመናት አለፉ። ይህ ያሳዝነኛል።

ልቅሚያው ድሮ ጉዳት አልነበረውም ይሆናል፤ ለቃሚው ጥቂት፣ ጋራው ሰፊ ነበር። አሁን ጋራው ጠብቧል። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ በ1996 ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ እርሻና ልቅ ግጦሽ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ከመዝገቡ የወጣው በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ፣ በ2017 ነው። ጦስኝ መሬት ላይ ተነጥፎ በሥሩ አፈር የሚይዝ ተክል በመሆኑ፣ በጥድፊያ ከነሥሩ ሲነቀል ገደሉም አብሮ ይራቆታል።

የጓሮ ጦስኝ መዓዛ የለውም የሚሉ አሉ። እውነት የሚሆነው ውኃና ፍግ ሲበዛበት፣ ጥላም ሲያጠላበት ነው፤ ያኔ ይለመልማል፣ ጠረኑ ግን ይደክማል። ጠጠር ያለው፣ ውኃ የማይቋጥር፣ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይበቃዋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ከተፈጥሮ መኖሪያው አይርቅም። ክረምት ሲገባ ሥር ያወጣ ቅርንጫፍ ከፍሎ መትከል፣ ሲያብብም ግንዱን ሳይነኩ ለጋውን ብቻ ማጨድ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ከጋራ ለቅመው ገበያ የሚያወጡት መሬት የሌላቸው ድሆች ናቸው፤ ጓሮ ያለው ሲያለማ እነርሱ ገበያቸውን ያጣሉ። ይህን አቃልዬ አላየውም። ስለዚህ ችግኙን ማባዛት ከእነርሱ ይጀምር፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በትምህርት ቤት ግቢና በወል መሬት ዳር ጠባብ መደብ ይሰጣቸው። የትኛው ጠርዝ ላይ ጠረኑ የበረታው እንደሚበቅል ለይተው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቁራጭም መመረጥ ያለበት በእነርሱ እጅ ነው።