ከኮረም እስከ ኮሞሮስ

በወልድያ፣ በመርሳም ሆነ በሀብሩ ገጠር ያደገ ሰው «ሰባ ሰባት» ሲባል ማብራሪያ አይፈልግም። ያንን ረሀብ በፊልም ለዓለም ካሳዩት ሰዎች አንዱ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነበሩ። ከወልድያ በቆቦና በአላማጣ በኩል በሚኬድባት፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም ከዘጋቢው ማይክል በርክ ጋር ሆነው የቀረጹት ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ። ዓለም የደነገጠው፣ እርዳታውም የጎረፈው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ እኚሁ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ተሳፍረው ነበር። ቦይንግ 767ቱ 175 ሰው ይዟል። ሦስት ጠላፊዎች «አውስትራሊያ ውሰደን» አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግሯቸውም አልሰሙም። ካፒቴኑ መጀመሪያ የአፍሪካን ጠረፍ ተከተሉ፤ ኋላም ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አቀኑ። ነዳጁ አለቀ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ከጠላፊዎቹ ጋር በተፈጠረ ግብግብ ምክንያት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መድረስ አልተቻለም። ስለዚህ በግራንድ ኮሞር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሌ ጋላዋ ከሚባለው የመዝናኛ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው 500 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ባሕሩ ላይ አወረዱት። የግራው ክንፍ ውሃውን ቀድሞ ነካና አውሮፕላኑ ተሰባበረ።

ሰው ባለበት አካባቢ መውረዱ ግን ነፍስ አተረፈ። ሆቴሉ ውስጥ የነበሩ የስኩባ ጠላቂዎች፣ ለእረፍት የመጡ ፈረንሳውያን ሐኪሞችና የደሴቲቱ ነዋሪዎች ወዲያው ደረሱላቸው። 50 ሰዎች ተረፉ። ጠላፊዎቹን ጨምሮ 125 ሞቱ፤ መሐመድ አሚንም ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ።

ከሟቾቹ መካከል ከግጭቱ በሕይወት ተርፈው የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ካፒቴኑ የሕይወት አድን ጃኬት አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳይነፋ አስጠንቅቀው ነበር። ግማሹ አልሰማም፣ ግማሹ አልገባውም፣ ሌላው በድንጋጤ ቸል አለው። ውሃው ሲሞላ የተነፋው ጃኬት ከጣሪያው ጋር አጣበቃቸው፤ ዝቅ ብለው ወደ በሩ መዋኘት አቃታቸው። የሰጠመ አውሮፕላን ወይም መርከብ ውስጥ የሚገባ ጠላቂ ይህን አደጋ በሥልጠናው ይማረዋል። ጣሪያ ባለበት ወደ ላይ መንሳፈፍ ማምለጫ አይሆንም፤ መውጫውን ማወቅ ነው የሚያድነው። ገመድ እየዘረጋ ገብቶ ያንኑ ገመድ ይዞ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

ከእናንተ መካከል ዛሬ በላቦራቶሪ፣ በግንባታ ቦታ፣ በሆስፒታል ሰው የምታሠለጥኑ ብዙ ናችሁ። ማስጠንቀቂያ ስትሰጡ «አትንፉ» ብቻ አትበሉ፤ ለምን እንደሆነም ጨምሩበት፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ ጭንቅ ሳይመጣ። አያቶቻችሁን ስለ ሰባ ሰባት ስትጠይቁ ደግሞ ካሜራ ተሸክመው ኮረም የደረሱትን ሰው ስም አንሱላቸው። ወሎን ለዓለም ያሳዩ ሰው ሕይወታቸው ያለፈው በእኛው አውሮፕላን ነው፤ ይህንን ልናስታውስላቸው ይገባል።