የአሮጌ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ፦ ጂዛንና ድንበር ከተሞች ላላችሁ እህቶች

አሠሪዎች አዲስ ኮምፒውተር ሲገዙ አሮጌውን ላፕቶፕ ለሠራተኛቸው የሚሰጡበት ጊዜ አለ። አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ላይ ቶሎ ከሚደክሙት ዕቃዎች አንዱ ሃርድ ዲስኩ ነው። ዲስኩ ሞተ ማለት ግን ላፕቶፑ ሞተ ማለት አይደለም፤ ሌላ ተገዝቶ ይገባለታል። የማይተካው ውስጡ ያለው ነው፦ የልጆች ፎቶ፣ የውል ኮፒ፣ የሐዋላ ደረሰኝ። ደሞዝ ተከልክላችሁ ክስ ብታቀርቡ የውሉ ኮፒ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን፣ ከዚያ ላፕቶፑን።

በድሮው ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና መረጃ የሚያነብ ቀጭን ክንድ አለ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አጥፉት። «እስቲ አንዴ ልሞክረው» እያሉ ደጋግሞ መክፈት ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል፤ ከተፋቀ በኋላ ፎቶ ማውጣት እጅግ ይከብዳል። ድምፅ ሳይኖረው ዝም ብሎ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን ገና ጊዜ አላችሁ። ያለውን ሁሉ ሳይሆን አስፈላጊውን ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጉ፤ ሰነድ ይቅደም፣ ፎቶ ይከተል፣ ፊልሙ ቢቀርም ይቅር።

ዲስኩን ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት የሚሏችሁን አትስሙ። ጂዛን ባሕር ዳር ናት፣ አየሩ እርጥብ ነው። ቀዝቃዛ ብረት እዚያ አየር ውስጥ ሲወጣ ውሃ ያልበዋል፤ ያ ደግሞ ዲስኩን ይጨርሰዋል። በበጋ ዝግ መኪና ውስጥም አትተዉት።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር አለ። ላፕቶፑ ስጦታ ከሆነ ማዳም «ሰጥቼሻለሁ» ብላ በዋትሳፕ ትጻፍላችሁ። ነገ ብትጣሉ «ሰረቀችኝ» የሚል ክስ እንዳይመጣ ይረዳችኋል። ሁለተኛው፣ ዲስኩ ላይ የአሠሪ ቤተሰብ ፎቶ ካለ ባለቤቶቹ ይውሰዱት፤ እናንተ ጋ አይቆይ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ በካሜራ ሞባይልና በመሳሰለው የሰው ገመና ለሚደፍር እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ ያስቀምጣል። ጥገና ሱቅ ውስጥ ፎቶው ቢወጣ መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ እንዳትሆኑ።

መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። በብዙ የድሮ ላፕቶፖች ከሥር በአንድ ወይም በሁለት ብሎን የታሰረች ክዳን አለች፤ በትንሽ ካቻቢቴ ትፈታለች። ዲስኩን ወደ ላይ ሳይሆን ከመሰኪያው ወደ ኋላ ሳቡት። አንዳንዴ ችግሩ መላላት ብቻ ስለሆነ መልሳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ (ቀጭ ቀጭ ካላለ ማለቴ ነው)። የታቀፈበትን ብረት ፈትታችሁ ለአዲሱ አስሩለት።

ስትገዙ መሰኪያውን እዩ። ጠፍጣፋ ከሆነ ሳታ ይባላል፤ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ጠይቁ። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ አሮጌውን ላፕቶፕም ያፈጥነዋል። 240 ጊጋባይት ለፎቶና ለሰነድ ይበቃል። መሰኪያው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ መርፌዎች ካሉት አይዲኢ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2006 በፊት የተሠራ ላፕቶፕ ላይ ይገኛል፣ ዕቃውም በቀላሉ አይገኝም። ለሱ ብር ባታፈሱ ይሻላል፤ ፋይሉን ብቻ አስወጡ።

አዲሱ ዲስክ ባዶ ስለሆነ ሲስተም ይጫንበታል። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2020፣ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2025 ወዲህ (በፈረንጅ አቆጣጠር) መደበኛ ድጋፍ የላቸውም። ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ አቅሙ ደከም ያለ ላፕቶፕንም ይችላል።

ለባለሱቁ «ላ ቲምሳሕ» በሉት፣ አታጥፋ ማለት ነው። ሲጨርስ ደግሞ «አብጋ አልሃርድ አልቀዲም»፣ አሮጌውን ዲስክ እፈልጋለሁ። ሳምጣ ወይም አቡ ዓሪሽ ውስጥ ዕቃው ቢጠፋ ኢቃማ የሌላችሁ ለዲስክ ብላችሁ ጂዛን ከተማ አትሂዱ፤ መንገዱ ላይ ፍተሻ ሊገጥማችሁ ይችላል። ኢቃማ ያላት ጓደኛ ትግዛላችሁ።

አሮጌው ዲስክ ገና የሚነበብ ከሆነ በዩኤስቢ ኬዝ አድርጋችሁ ቀሪውን ፋይል ቅዱ። ሙሉ በሙሉ ከሞተና የምትፈልጉት ነገር ከሌለበት፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመዶሻ ሰባብሩትና ጣሉት።