ካርቦንን ስለሚያሸጋግረው ኢንዛይምና ስለ ፎሊክ አሲድ የተጻፈ ዜና

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች ህንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ ሉሲ ዊልስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም ወደ ቦምቤይ ከተማ ተሻገረች። በዚያም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ድሆች ሴቶች በፀነሱ ጊዜ ደማቸው እያነሰ፣ ፊታቸው እየገረጣ፣ ጉልበታቸውም እየከዳቸው ለሞት ይቀርቡ ነበር። ደማቸው በአጉሊ መነጽር ሲመረመር፣ ቀያዮቹ ሕዋሳት በቁጥር ጥቂት፣ በመጠን ግን ከልክ ያለፉ ሆነው ይታዩ ነበር።

ዊልስም የሴቶቹን ምግብ መርምራ፣ በአይጦችና በጦጣዎችም ፈትና፣ ከቢራ እርሾ የሚሠራውና ዳቦ ላይ የሚቀባው ርካሹ ማርማይት ደማቸውን እንደሚመልስ አረጋገጠች፤ ይህንንም በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተመች። በእርሾው ውስጥ ተሰውሮ የሚያድነው ነገር ግን ገና አልታወቀም ነበር።

በ1941 ዓ.ም. ሚቸል፣ ስኔልና ዊሊያምስ የተባሉ የቴክሳስ ሊቃውንት አራት ቶን ስፒናች ጨምቀው እጅግ ጥቂት የሆነ ንጥረ ነገር አወጡ፤ ስሙንም ፎሊክ አሲድ አሉት፤ በእርሾው ውስጥ ተሰውሮ የነበረውም ነገር ይኸው ነበር። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ በህንዱ ተወላጅ በዬላፕራጋዳ ሱባራው መሪነት ይሠሩ የነበሩ፣ ሌደርሌ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ኬሚስቶች በቤተ ሙከራ ሊሠሩት ቻሉ።

ከዚያም በኋላ የተነሡ ጠበብት የነገሩን ምሥጢር ገለጡ። ሴሪን ሃይድሮክሲሜቲልትራንስፌሬዝ የተባለው ኢንዛይም ሴሪን ከሚባለው አሚኖ አሲድ አንዲት ካርቦን ወስዶ፣ ፎሊክ አሲድ በሰውነት ውስጥ ተለውጦ በሚሰጠውና እንደ አጋሰስ በሚሸከማት በፎሌት ላይ ይጭናል፤ ሌላው ኢንዛይም፣ ቲሚዲሌት ሲንቴዝ፣ ያችኑ ካርቦን ተቀብሎ ለዲኤንኤ የሚያስፈልገውን ቲሚዲሌት ለመሥራት ያውላታል። ፎሌት ሲጎድል ሕዋሱ አካሉ እየገዘፈ ሳለ ዲኤንኤውን አባዝቶ ሊከፈል አይችልምና፣ በቦምቤይ ሴቶች ደም የታየው የሕዋሳት ማነስና መግዘፍ ከዚህ የመነጨ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር ይህንኑ ሥርዓት በተቃራኒው ተጠቀመበት፤ ፎሊክ አሲድን መስሎ ሥራውን የሚያግደውን አሚኖፕተሪን የደም ካንሰር ለያዛቸው 16 ሕፃናት ቢሰጥ፣ 10ሩ ለጊዜው ተሻላቸው። በሽታው ቢመለስም፣ የመድኃኒቱ ወገን የሆነው ሜቶትሬክሴት እስከ ዛሬ ድረስ ካንሰርን ለማከም ይሰጣል፤ ለነፍሰ ጡሮችም ፎሊክ አሲድ ይታዘዛል።