የአራዳ እግረኛ

ስለ መኪና አልባ መሐል ከተማ ወሬ ሲነሣ የብዙዎች ሐሳብ ወደ ኮፐንሀገን ይሄዳል። ያለ ምክንያትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1962 የዴንማርክ ርእሰ ከተማ አስተዳደር፣ ስትሮየት በሚባለውና ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጠው ጥንታዊ የገበያ ጎዳና ላይ መኪና እንዳይገባ ለሙከራ ከለከለ። ባለ ሱቆቹ ጮኹ፤ መኪና ከቀረ ገዢም ይቀራል ብለው ፈሩ። ዴንማርካዊ እንደ ጣልያን አደባባይ ላይ ቆሞ የሚያወጋበት ጠባይም አየርም የለውም ብለው የተሳለቁም ነበሩ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1964፣ ሙከራው ቋሚ ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ዘወትር የሚገርመኝ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ኮፐንሀገን ከጎዳናዋ ያነሣችው መኪናውን ብቻ ነው። ቤቱ፣ ሱቁ፣ የመንገዱ ጥበትና ጥምዝምዙ ሳይቀር በነበረበት ቀረ። ውድ አንባብያን ይህችን ነጥብ ያዙልኝና ወደ አራዳ እንውረድ።

አራዳ፣ ጣልያን ፒያሳ የሚለውን ስም ሳያመጣበት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የተዘረጋ ገበያ ነበር። አርመኑ፣ ግሪኩና ሕንዱ ነጋዴ ሱቁን የከፈተው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው። ሕዝቡ በእግሩ፣ መኳንንቱ በበቅሎ ይመጣሉ። የመኳንንቱ ክብር የሚለካው በበቅሎው ብቻ ሳይሆን ከበቅሎው ፊትና ኋላ በእግሩ በሚከተለው አጃቢ ብዛት ነበርና፣ ያለ እግረኛ ታላቅ ሰውም አይታወቅም። በዚህ ዓለም ውስጥ ነው እንግዲህ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን በስንት መከራ አልፎ፣ አንዲት ሲድሌ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው። ዳግማዊ ምኒልክ ተሳፈሩባት። ከዚያ ቀደም አርመናዊው ሰርኪስ ተርዝያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ለከተማው ትንግርት ሆኖ ነበር። (ከሁለቱ ማሽኖች የትኛው ለከተማው እንደ ዋለ ለመናገር አይከብድም፤ አንዱ መንገድ ሠራ፣ ሌላው መንገድ ፈለገ።)

እግረኛውን በፕላን፣ በወረቀት ላይ በተሰመረ መስመር፣ ከመሐል ከተማው ያስወጣው ግን ፋሺስት ኢጣልያ ነው። ወራሪው የአራዳን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደውና የአገሬው ሰው መገበያያ በዚያ ይሁን አለ፤ የዛሬው መርካቶ የተወለደው እንዲህ ነው። አራዳ ለነጭ ተለየ። አምስቱ ዓመት አልፎ ወራሪው ሲባረር ስሙ ብቻ ቀረ፤ እግረኛውም ተመለሰ፤ በጣልያን ስም የሚጠራውን ሰፈር የሐበሻ መንሸራሸሪያ አደረገው። ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ ቆሞ ሰው መጠበቅ፣ ማኪያቶ በቁም መጠጣት፣ የወርቅ ቤቶቹን መስኮት እያዩ ያለ ጉዳይ ሽቅብ ቁልቁል ማለት፣ ይህ ሁሉ ማንም ያላወጀው ወግ ነበር።

ወደ 1966 ዓ.ም. ልለፍ። በዚያ ዓመት መስከረም የተቀሰቀሰው የዐረቦችና የእስራኤል ጦርነት ነዳጅን የጦር መሣሪያ አደረገው። ነዳጅ ከተከለከሉት አገሮች አንዷ ሆላንድ ነበረች። መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 መኪና የማይነዳበት እሑድ ዐወጀ፤ ሕፃናትና ብስክሌተኞች አውራ ጎዳናውን ሞሉት። ሆላንዳውያን ቀድሞም ልባቸው ቆስሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞቶባቸዋል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ናቸው። ወላጆች «ሕፃናትን መግደል ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። ዛሬ የምናደንቀው የአምስተርዳም የብስክሌት መንገድ በዚያ ለቅሶና በዚያ የነዳጅ እጦት መካከል የተጸነሰ ነው።

ያው የነዳጅ ችግር አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ መልክ ያዘ። የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ጨመረ፤ የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም ተነሡ። ጎዳናው ለጥቂት ቀናት ከሰማያዊና ነጭ ታክሲ ጸዳ። እንደ አምስተርዳም ግን በዓል አልሆነም፤ ከሥራ የቀረ፣ ገበያ ያልደረሰ፣ በሽተኛ ተሸክሞ የሄደ ሰው ነበረበት። የእኛ እግረኛ ታክሲን የሚቆጥራት እንደ ሁለተኛ እግሩ ነውና። መንግሥት ጭማሪውን ቢቀንስም ማዕበሉ አልቆመም፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው በአንዲት ቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። በምኒልክ ሲድሌ የተጀመረው የቤተ መንግሥትና የመኪና ወዳጅነት እንዲህ ባለች ትንሽ መኪና ይዘጋል ብሎ ማን ገመተ?

ስለዚህ መኪና ይቀነስ ሲባል የትኛው መኪና እንደሆነ ቀድሞ መለየት ይገባል ባይ ነኝ። ከአዲስ አበባ ጉዞ እኩሌታ ያህሉ በእግር ነው፤ ከቀረው አብዛኛው በታክሲና በአውቶቡስ። የቤት መኪና ያለው ጥቂቱ ነው። መንገዱ ግን ለዚያ ለጥቂቱ ሲሠራ ኖረ። ቀለበት መንገድ በአጥር ሰፈርን ከሰፈር ለየ፤ አጥሩን የሚዘለውን እናት ሥርዓት አልባ አልናት። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በከተማዪቱ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞቷል፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለአንድ እሑድ ሲዘጉ፣ ሕፃናት አስፋልት ላይ ኳስ ሲያንከባልሉ ሳይ ደስ ብሎኛል፤ ለምን ለአንድ ጠዋት ብቻ እያልሁም አጉረምርሜአለሁ።

ከዚያ 2016 መጣ። የኮሪደር ልማት ፒያሳን ከመሠረቱ ለወጠው። ሐቁን መካድ አልፈልግም፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ለብስክሌት መስመር ተሰምሯል። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸራል፤ እኔም ተንሸራሽሬበታለሁ፤ ጉድባ ሳልዘል መሄዴም አስደስቶኛል። ነገር ግን ኮፐንሀገን መኪናውን አንሥታ ቤቱን ስትተው፣ እኛ ቤቱን አንሥተን መኪናውን ተውነው፤ እንዲያውም መንገዱን አሰፋንለት።

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ከፈረሱት ቤቶች መካከል ይሽሎከሎክ የነበረው ጉራንጉር መኪና የሚያስገባ አልነበረም። ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ ይነካካል፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ አይቻልም። ንጽሕናው የሚያስመሰግን፣ ኑሮው የሚያስቀና ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ሽንት ቤቱ ለስንት አባወራ አንድ ነበር። ሆኖም ከተማዪቱ በብዙ ወጪ ልትፈጥረው የምትሻው መኪና አልባ መሐል፣ ሱቁ፣ ሥራው፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ በእግር የሚደረስበት ሰፈር፣ እዚያው በድህነት መልክ ቆሞ ነበር። ቧንቧና ጣሪያ ሊጨመርለት ይችል ነበር።

ብዙዎቹ የሰፈሩ ነዋሪዎች ወደ ከተማዪቱ ዳር ሄደዋል። ቀድሞ በእግራቸው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። አሁን ፒያሳ ጉዳይ ሲኖራቸው ማልደው ተነሥተው የታክሲ ሰልፍ ይይዛሉ።