የወንጂ ስኳር አጀማመር

አንባቢ ሆይ፤ አዲስ ሥራ ለማቋቋም ገንዘብ ብቻ የሚበቃ ይመስልህ ይሆናል። የወንጂ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል።

ከአዳማ፥ በዚያን ዘመን ናዝሬት ከተባለችው ከተማ አጠገብ፥ በአዋሽ ዳር ያለው ሜዳ ቀድሞ የከብት መሰማሪያ ነበረ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በጃቫ ደሴት በስኳር ሥራ የታወቀ ሲሆን፥ ኢንዶኔዢያ ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ሌላ አገር ፈለገ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ ተዋዋለ፤ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የሸዋ ፋብሪካ ተከተለው። በ1967 ዓ.ም. ሁለቱም ተወረሱ።

ሥራው የተቃናው ከገንዘቡ ጋራ የቆየ ሙያ ስለ መጣ፥ ደግሞም ለም መሬት፥ የማይደርቅ ወንዝ፥ የባቡር ሐዲድና ስኳር ፈላጊ ገበያ ስለ ተገናኙ ነው።

ነገር ግን በሒሳብ መዝገብ ያልገባ ዕዳ ነበረ። የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግጦሻቸውን አጡ። ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃም የሠራተኞቹን ልጆች ጥርስ አበለዘ፤ ለብዙ ዘመን የጠጡትንም አጥንት ጎዳ።

እንግዲህ ሥራ የሚጀምር ነጋዴም ሆነ ፈቃዱን የሚመረምር ሹም፥ ትርፉ ስንት ነው ካለ በኋላ፥ ዕዳውንስ የሚከፍለው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ።