ነፃው የሥዕል ግምጃ ቤት

በቀድሞው ዘመን የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ በየገጹ መካከል በሚንኮሻኮሽ ስስ ወረቀት ተሸፍኖ በአልበም ይቀመጥ፣ አልበሙም በሣጥን ተቆልፎ ይኖር ስለ ነበረ፣ ቁልፉን የያዘችው እመቤት የሥዕሉም ጠባቂ ነበረች። ግምጃ ቤቱ ወደ ኢንተርኔት ከተሻገረ ወዲህ ግን ቁልፉ በሌላ እጅ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ስቱዋርት በተርፊልድና ካተሪና ፌክ በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ፍሊከር የተባለውን የሥዕል ማኖሪያ ድረ ገጽ ሲመሠርቱ፣ አስቀድሞ የደከሙት ለጨዋታ እንጂ ለሥዕል አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት ያሁ ገዛው፤ በ2013 ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ቴራባይት በነፃ ሲያድል፣ ብዙ ሰው ልግስናውን ዘላለማዊ ኪዳን አድርጎ ተቀበለው፤ እኔ ግን ማጥመጃ ነው ባይ ነኝ። በ2018 ስማግማግ የተባለው ኩባንያ ከገዛው በኋላ የነፃው ድርሻ 1,000 ሥዕል ብቻ እንዲሆን ታወጀ።

ከሁሉ የከፋው ፎቶባኬት የሚባለው የሥዕል ማኖሪያ ድረ ገጽ ያደረገው ነው፤ በ2017 ሥዕልን በሌላ ገጽ ላይ ለማሳየት በዓመት 399 ዶላር ይከፈል ብሎ ስለ ደነገገ፣ መኪና አዳሹና አትክልተኛው በየመወያያ ገጹ ለዓመታት በሥዕል ያስረዱት ትምህርት ተሠውሮ፣ በየሥዕሉ ስፍራ የፍጥነት መለኪያ የመሰለ አንድ ሰሌዳ ተተከለ።

ጉግል ፎቶስም በ2015 ሥዕሉን ጥቂት ጨመቅ አድርጎ ያለ ገደብ በነፃ ሲቀበል ቆይቶ፣ ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚገባውን በ15 ጊጋባይት ውስጥ ይቈጥር ጀመር፤ ከዚያ ቀን በፊት ተጨምቆ የገባው ግን እንደ ቀድሞው ሳይቈጠር ቀረ።